ከጉባኤው በፊት ያለችው ግማሽ ቀን

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት፣ በየግንቦቱ የትምህርት ምርምር ጉባኤ ሲመጣ፣ ወርክሾፑንና ገለጻውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዋናውን ጉባኤ ሌሎች ይይዙታል። የእኔ ድርሻ ከመክፈቻው በፊት ያለችው ግማሽ ቀን እና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚቀርበው ገለጻ ነው።

ብዙ አዘጋጆች ይህንን ክፍል እንደ ምርቃት ያዩታል። ጊዜ ከተረፈ ይደረጋል፣ በጀት ካጠረ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። እኔ በተቃራኒው ነው የማምነው። ጉባኤው ላይ አንድ ጥናት በ15 ደቂቃ ይቀርባል፣ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፣ «የቀረውን በሻይ ሰዓት» ተብሎ ወደ ሚቀጥለው ይታለፋል። ከወረዳ የመጣ መምህር ከዚያ ይዞ የሚመለሰው ቦርሳና ደብተር ብቻ ሊሆን ይችላል። ወርክሾፕ ላይ ግን እሱ ራሱ ይሠራል፣ ይሳሳታል፣ ይከራከራል። ምርምርና ክፍል የሚገናኙት እዚያ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ይህ ሥራ የተሰጣችሁ ካላችሁ፣ እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቡት

ኮሚቴ ርዕስ ሲያወጣ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። «የምርምር ዘዴዎች»፣ «የትምህርት ጥራትና ተግዳሮቶቹ»፣ እንዲህ ዓይነት። በሦስት ሰዓት ውስጥ ይህ አይሆንም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ «ተሳታፊው ለምሳ ሲወጣ እንዲህ ማድረግ ይችላል።» ከዚያ «እንዲህ» በሚለው ቦታ በዓይን የሚታይ ሥራ አስገባለሁ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለው ሐረግ እዚህ ቦታ የለውም። ግንዛቤ መጨበጡን በምን እናውቃለን? «አምስት የመጠይቅ ጥያቄዎችን አርሞ ያሳያል» ቢባል ግን እናውቃለን።

የሠሩልኝን ልጥቀስ። አንዱ የመጠይቅ ጥያቄ ማረም ነው። «አስተማሪያችሁ በሰዓቱ ይመጣል፣ ጥሩም ያስተምራል?» የምትል ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። በሰዓቱ መጥቶ ጥሩ የማያስተምር ካለ ተማሪው ምን ብሎ ይመልስ? አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄ መኖሩን አንዴ ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በየመጠይቁ ያገኘዋል። ሌላው ለወላጅ የሚላክ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ጮክ ተብሎ ሲነበብላት በሚገባት ቋንቋ መጻፍ ማለት ነው። እሱ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ሆነ፣ ከጠበቅሁትም በላይ ጠቀመ።

ያልሠራልኝንም ልናገር። በሁለተኛው ዓመት ለ60 ሰው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሥልጠና አዘጋጀሁ። ጠዋቱ በሙሉ ሶፍትዌር በመጫን አለቀ። የአንዱ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ የሌላዋ ፍላሽ ቫይረስ አለበት፣ የሌላው ፈቃዱ አልቋል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ አንድም ሰንጠረዥ አልሠራንም ነበር። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር ካስፈለገ እንደ ጃሞቪ ያለ ነፃውን እመርጣለሁ፣ ተሳታፊዎች ከአንድ ሳምንት በፊት ጭነው የማያ ገጻቸውን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩልኝ አደርጋለሁ። ፎቶ ያልላከውን በስልክ እደውልለታለሁ።

አንድ ወርክሾፕ ከውስጥ ሲታይ

ከሁሉም የምወደውን በዝርዝር ላሳያችሁ። ርዕሱ የሕፃናትን ንባብ መመዘን ነው። ለምን እሱን መረጥሁ? የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል አወራ። እኔ ግን የማስተምረው አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሰዎችን ነው። ልጁ 12ኛ ክፍል የደረሰው በእነሱ እጅ አልፎ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። በብዙ አገሮች የመጀመሪያ ክፍሎችን ንባብ ለመለካት የሚሠራበት አካሄድ አለ። ልጁ ፊት 100 ፊደላት የተደባለቁበት ወረቀት ይቀመጣል፣ በ60 ሰከንድ የቻለውን ያህል ጮክ ብሎ ያነባል። መዛኙ የተሳሳቱትን በራሱ ወረቀት ላይ ይሰርዛል። ሦስት ሕጎች አሉ። ልጁ ተሳስቶ ራሱን ካረመ ትክክል ይባላል። አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ዝም ካለ መዛኙ ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል፣ ያ ፊደል እንደ ስህተት ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ፊደላት አንዱንም ካልቻለ ደግሞ እዚያው ይቆማል፣ ልጅ አይሠቃይም።

ዝግጅቱ ይህን ይመስላል። 24 ሰው፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አራት። በየጠረጴዛው ሁለት ስልክና የጆሮ ማዳመጫ። ስልኮቹ ላይ ወላጆቻቸው በጽሑፍ የፈቀዱላቸው የሦስት ልጆች ድምፅ አለ። ስማቸው አይጠራም። ቅጂው ከስልኮቹ ላይ በዚያው ቀን ይጠፋል፣ ይህንንም ለወላጆቹ ቃል ገብቻለሁ። የታተመ የነጥብ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ለእያንዳንዱ ሰው።

ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ እኔ አወራለሁ። ሕጎቹን ግን አልናገርም። ሆን ብዬ ነው። «ይህችን ልጅ ስሟት፣ የመሰላችሁን ነጥብ ስጡ» እላለሁ። ሁለት ሁለት ሆነው ያንኑ ድምፅ ይሰማሉ፣ ሳይመካከሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ወረቀታቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ «ቀ»ን «ቄ» ብላ አንብባ፣ ወዲያው ተመልሳ «ቀ» አለች። አንዱ ዜሮ ሰጥቷል፣ አንዷ አንድ። «እኮ ተሳስታለች!» «እኮ አርማለች!» ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል። እኔ ዝም እላለሁ። ይህ ጭቅጭቅ ስለ አስተማማኝነት ከሚሰጥ የአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል። አንድ ልጅ፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት መምህር፣ ሁለት ውጤት። መሣሪያው ገና ልጅቷን ሳይሆን መዛኙን እየለካ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንሄዳለን። ልጅቷ ከደረሰችባቸው 50 ፊደላት ሁለቱም «ትክክል» ያሏቸው 30፣ ሁለቱም «ስህተት» ያሏቸው 10፣ የተለያዩባቸው 10 ናቸው እንበል። ከ50 በ40 ተስማምተዋል፣ 80 ከመቶ። ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ ሁለቱም ጆሯቸውን ደፍነው በዘፈቀደ ቢሰጡስ ስንቱ ላይ ይገጥማሉ? አንደኛው 36 ፊደል «ትክክል» ብሏል፣ ማለትም 72 ከመቶ። ሁለተኛዋ 34፣ ማለትም 68 ከመቶ። 0.72 ሲባዛ በ0.68 0.49 ይሆናል። «ስህተት» ባሉት በኩል ደግሞ 0.28 ሲባዛ በ0.32 0.09 ይሆናል። ሲደመር 0.58። ስለዚህ ምንም ሳይሰሙ እንኳ 58 ከመቶ ሊገጥሙ ይችሉ ነበር። ከዕድል በላይ የተስማሙት 0.80 ሲቀነስ 0.58፣ ማለትም 0.22 ነው። ከዕድል በላይ ሊስማሙ የሚችሉት ደግሞ 1 ሲቀነስ 0.58፣ ማለትም 0.42። 0.22 ለ0.42 ሲካፈል 0.52 ይመጣል። ይህ ቁጥር ካፓ ይባላል፣ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው መለኪያ ነው። 80 ከመቶ የነበረው ደስታ 0.52 ሲሆን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ይህንን ስሌት በሶፍትዌር አላሠራም። በስልካቸው ካልኩሌተር፣ በእጃቸው፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ ነው። ሂሳብ እፈራለሁ የምትል መምህርት በየጠረጴዛው አለች። ማርከሩን ለእሷ ስጧት፣ ጓደኞቿ እየነገሯት ትሠራዋለች።

ከሻይ በኋላ ሦስቱን ሕጎች እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ልጅ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ያገኘነው ይህ ነው፦ ሁለቱም «ትክክል» 33፣ ሁለቱም «ስህተት» 14፣ ልዩነት 3 ብቻ። ስምምነቱ 94 ከመቶ፣ ካፓው 0.86 ሆነ። ልጆቹ የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሮቹን አንድ ለአንድ ማወዳደር አይቻልም፣ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለውጡን ግን በጆሯቸው ሰምተውታል።

ሦስተኛው ልጅ ላይ የሆነውን ደግሞ አልረሳውም። ልጁ «ጣ» ላይ ደረሰ። በሹክሹክታ «ጠ፣ ጡ፣ ጢ...» አለ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ «ጣ!» 3 ሰከንድ አልሞላም። በሕጉ ትክክል ነው። ሁሉም አንድ ሰጡ። ከኋላ የተቀመጡ፣ 27 ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ አንድ ጋሼ ግን እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ልጅ ፊደሉን አላወቀውም» አሉ። «ቤቱን ነው የሚያውቀው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ከ‘ጠ’ ተነስቶ ቆጥሮ ነው የደረሰበት። ‘ጣ’ን ብቻዋን መንገድ ላይ ቢያገኛት አያውቃትም። እኛ የኔታ ዘንድ ሀሁን ስንጨርስ ወደ አቡጊዳ የምንገባው እኮ ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ... እዚያ ላይ በዜማ መድረስ የለም። የኔታ በስንደዶ አንዷን ነክተው ‘ይቺ ማን ናት?’ ይላሉ።»

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዶክተሮች ነበሩ፣ አንዱ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው። አንድ ልጅ 231ዱንም በዜማ ሊወርድ ይችላል፣ ቃል ሲሰጡት ግን ይቆማል። የነጥብ ወረቀታችን ይህንን አይለይም ነበር። በዚያው ቀን አንድ ዓምድ ጨመርንበት፦ «ቆጥሮ ደረሰ»። ነጥቡ አይቀነስም፣ ምልክት ብቻ ይደረጋል። የክፍል መምህር ያንን ዓምድ አይቶ ነገ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ፊደሉን ደባልቆ ይጽፋል።

ከዚህ የወሰድሁት የአሠራር ነገር አለ። በፕሮግራማችሁ ላይ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምንም አትጻፉበት። ጋሼ የተናገሩት በዚያ ክፍት ሰዓት ነው። በየደቂቃው የታጨቀ መርሐ ግብር ቢሆን ኖሮ «አመሰግናለሁ፣ ወደ ሚቀጥለው እንለፍ» ብዬ አቋርጬአቸው ነበር።

በምን ቋንቋ?

ጉባኤዎቻችን ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወስኗል፣ ስለ እነሱ የምንወያየው ግን በባዕድ ቋንቋ ነው። ለዋናው ጉባኤ ምክንያት ይኖረዋል፣ የውጭ እንግዳ አለ፣ ጽሑፉም የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ወርክሾፑ ላይ ግን ምክንያት የለም።

በመጀመሪያው ዓመት በእንግሊዝኛ አስኬድሁት። በሦስት ሰዓት ውስጥ የተናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ አራቱም የዩኒቨርሲቲ መምህራን። በቀጣዩ ዓመት ወደ አማርኛ ስቀይረው ማስቆም እስኪያቅተኝ ድረስ ተናገሩ። ሰው አሳብ አጥቶ አልነበረም ዝም ያለው።

አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር አዘጋጁ። ተገቢነት፣ አስተማማኝነት፣ ናሙና፣ መላምት፣ ተለዋዋጭ፣ ምልከታ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ትርጉም ሳይሆን የክፍል ምሳሌ ይጻፍ። ለምሳሌ «ተገቢነት፦ የሂሳብ ፈተናው ረጅም ታሪክ ስላለው ማንበብ ያቃተው ልጅ ወደቀ። ፈተናው ሂሳብ ለካ ወይስ ንባብ?» ይህ ይበቃል።

አማርኛ ብቻ እንዳይሆንም አስቡ። እኛ ዘንድ ከአዊ የሚመጡ መምህራን በአዊኛ ያስተምራሉ፣ ከከሚሴ አካባቢ የሚመጡት በአፋን ኦሮሞ። ለእነሱ የየራሳቸው ቋንቋ ድምፅና የነጥብ ወረቀት ያለበት ጠረጴዛ አዘጋጃለሁ። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የፊደሉ ወረቀት ከመሠረቱ ሌላ ነው፣ ቀድሞ መሠራት አለበት። በመጨረሻ ጠረጴዛዎቹ ውጤታቸውን ሲያወዳድሩ «ቆጥሮ ደረሰ» የሚለው ነገር በየትኛው ቋንቋ እንዳለና እንደሌለ ይወጣል። ይህ ብቻውን ለሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የጥናት ርዕስ ነው።

ማን ይምጣ፣ እንዴት ይምጣ

ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው አትጥሩ። ብቻውን የተማረ መምህር ሲመለስ የሚያወራው ሰው ያጣል። እኔ ሁለት ሁለት ነው የምጠራው፣ አንድ የክፍል መምህርና አንድ ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር። ርዕሰ መምህሩ አብሮ ሲሠራ፣ በኋላ መምህሯ ፊደል ደባልቃ ስትጽፍ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ አያስቆማትም።

ደብዳቤው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይድረስ። ማኅተም ያለበት ይሁን። ቀኑ የትምህርት ቀን ከሆነ መምህሩን የሚተካው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። እኔ ከተቻለ ቅዳሜን እመርጣለሁ።

ስለ ገንዘብ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ጻፉ። ትራንስፖርት ማን ይከፍላል? አልጋና አበል አለ ወይስ የለም? አለ ከተባለ መቼ ይሰጣል? አንድ ጊዜ የተጋበዝሁበት ቦታ አበል በዕለቱ ይከፈላል ተብሎ ሳይከፈል ቀረ። ከሩቅ የመጣች መምህርት የአልጋ መክፈያ አጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያን ማታ አዋጥተን ከፈልንላት። ገንዘብ ከሌለ «የለም» ማለት ነውር የለውም። ሰው አውቆ ይመጣል፣ ወይም አውቆ ይቀራል።

ሰርተፊኬቱም በዕለቱ ተፈርሞ ይጠብቅ። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማኅደራቸው ይፈልጉታል። በላዩ ላይ ሰዓቱንና የሠሩትን ሥራ ጻፉበት። «ተሳትፈዋል» ከሚለው ይልቅ «የንባብ ምዘና ነጥብ አሰጣጥ ለሦስት ሰዓት ተለማምደዋል» የሚለው ያከብራቸዋል።

የሚያጠቡ እናቶች አሉ። ከአዳራሹ አጠገብ አንድ ክፍል ምንጣፍ አንጥፉበት፣ ሞግዚት ይዘው መምጣት እንደሚችሉ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ይህን ካደረግሁበት ዓመት ጀምሮ የሴቶች ቁጥር ጨመረ።

መብራትን አትመኑት። አንድ ዓመት ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሄዶ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ድምፆቹ ስልክ ላይ ስለነበሩ፣ ወረቀቶቹም ታትመው ስለነበር ምንም አልጎደለብንም። ያለ ፕሮጀክተር መካሄድ የማይችል ወርክሾፕ አታቅዱ። ስልኮቹን ማታውን ቻርጅ አድርጉ፣ ማከፋፈያም ያዙ። ጀርባ የሌለው ወንበርና የተቸነከረ ዴስክ ያለበት አዳራሽ ከሰጧችሁ ደግሞ ለምናችሁ ክፍል አስቀይሩ። አራት ሰው ፊት ለፊት ካልተያየ ጠረጴዛ የለም ማለት ነው።

ገለጻው

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ ገለጻ አለ። ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ይመጣሉ። እዚህ ላይ የአዘጋጁ ሥራ ተናጋሪውን ማዘጋጀት ነው።

ለተናጋሪው ከሦስት ሳምንት በፊት እደውላለሁ። ሦስት ነገር እነግረዋለሁ። የሚሰሙህ እነማን እንደሆኑ፣ 30 ደቂቃ ብቻ እንዳለህ፣ እና አንድ ቁጥርና አንድ ልጅ ይዘህ እንድትመጣ። ቁጥር ብቻውን ሰው አይነካም፣ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻውን ደግሞ ሰው ያሳስታል። ለምሳሌ ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12 ሺህ ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፣ ከእነሱ 3 ሺህ ያህሉ የእኛ ናቸው፣ ከ20 አካባቢዎች። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጥናት ለሕዝብ ገለጻ ይመቻል፣ ምክንያቱም ቁጥሩም የሰዎቹ ሕይወትም እዚያው አለ። መረጃው ለተመራማሪዎች ክፍት መሆኑንም አድማጭ መሐል ላሉት የማስተርስ ተማሪዎች ይነገራቸው። የራስን መጠይቅ በትኖ 80 ወረቀት ከመሰብሰብ የተሻለ መንገድ የሚያገኝ ይኖራል።

ከተናጋሪው ቀጥሎ አንድ የክፍል መምህር ለአምስት ደቂቃ መልስ ይሰጣል። ሙገሳ አይደለም። «ይህ የእኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ይታያል» ወይም «እኔ ዘንድ እንዲህ አይደለም» ማለት ነው። መምህሩን ቀድማችሁ አግኙት፣ ጽሑፉን አሳዩት፣ የሚለውን አብራችሁ ተለማመዱ።

ጥያቄን በብጣሽ ወረቀት ተቀበሉ። ማይክ ሲዞር የሚናገሩት ሁልጊዜ የታወቁ ሰዎች ናቸው፣ ጥያቄው ቀርቶ ንግግር ይሆናል። ወረቀት ሲሆን የማትናገረዋ ተማሪም ትጠይቃለች። አወያዩ ተመሳሳዮቹን አቀናጅቶ ያነባል።

ተናጋሪው ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚገባ ከሆነ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። እኛ አንድ ጊዜ «ሦስት ሰዓት» ብለን ጻፍን። እንግዳችን ከሰዓት በኋላ ሦስት ብሎ ተረዳው፣ ማለትም በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። 200 ሰው አዳራሽ ሙሉ ጠበቀ። ቀኑም ያሳስታል፣ ግንቦት 10 በእነሱ ሜይ 18 ነው። አሁን ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፣ ዋዜማውን በዚያው ሰዓት ለአምስት ደቂቃ የድምፅ ሙከራ እናደርጋለን። ንግግሩን ቀድቶ እንዲልክም እጠይቃለሁ፣ ኔትወርክ ከተቋረጠ ቅጂው ይታያል፣ ለጥያቄው ደግሞ በስልክ ይገባል።

ለጀማሪዎች ቦታ መስጠትንም አትርሱ። የአውሮፓ የትምህርት ምርምር ማኅበር ከዋናው ጉባኤው አስቀድሞ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ጉባኤ ያዘጋጃል። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። ግን ከገለጻው በፊት ለሦስት የማስተርስ ተማሪዎች አምስት አምስት ደቂቃ እንሰጣለን። ያልጨረሱትን ጥናት፣ ግራ የገባቸውን ነገር ይናገራሉ። ያለቀ ውጤት ማቅረብ ክልክል ነው። አድማጩ ሊረዳቸው የሚችለው ገና ሳይጨርሱት ነውና።

ከተለያያችሁ በኋላ

ማታውን የነጥብ ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ቁጭ በሉ። የቱ ፊደል ላይ ብዙ ልዩነት እንደታየ ቁጠሩ። ያንን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሦስት ቀን ውስጥ በቴሌግራም ግሩፑ ላኩላቸው። ሳምንት ካለፈ ሰው ወደ ሥራው ገብቷል፣ አያነበውም።

ትምህርት ቤት በሰኔ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ሲከፈት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ጥያቄ ጠይቋቸው። «እንዴት ናችሁ?» ሳይሆን «ስንት ልጅ ሰማችሁ? ስንቱ ቆጥሮ ደረሰ?» በሉ። የሚመልሱት ጥቂት ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ቀጥሉ።

አምና በመስከረም አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ከካርቶን የቆረጠቻቸውን የፊደል ካርዶች ፎቶ ላከችልኝ። ሳትደረድር፣ ደባልቃ መሬት ላይ በትናቸዋለች። ከሥር አንድ ጥያቄ ጽፋለች፦ «ቲቸር፣ የ3 ሰከንዷን ሕግ ለክፍል ፈተናም ልጠቀምባት?» አትጠቀሚባት አልኳት። ያቺ ሕግ ለመዛኝ ናት፣ መዛኞች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሠሩ። ክፍል ውስጥ ልጁ ቆጥሮም ይድረስ፣ ጠብቂው። ጊዜ ስጪው፣ ነገ ደግሞ ያቺኑ ፊደል ከሌላ ቤት መሐል አድርገሽ አሳዪው። ዘንድሮ ይህንን መልስ በነጥብ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሳትሜዋለሁ።